አትክልትን ሰጥቶ ስለ ማቆየት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የሚያከማቸው ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሲሸሽጉት የሚቆይ ነው፤ ወርቅና ብር፣ ጌጥና የርስት ደብዳቤ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። ሁለተኛው ሲሸሽጉት የሚጠፋ፣ ሲሰጡት ግን የሚበዛ ነው፤ ዕውቀትና ደግነት ከዚህ ወገን መሆናቸውን ሊቃውንት ሁልጊዜ ያስተምሩናል። እኔ ግን ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን የሚቈጠር፣ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ ሀብት አለ እላለሁ፤ ይኸውም በየጓሮአችን የምናበቅለው አትክልት ነው። ወርቅ በሣጥን ቢቆለፍበት ለልጅ ልጅ ይደርሳል። አትክልት ግን ነፍስ ያለው ፍጥረት ነውና ባንድ ቦታ ብቻ የተወሰነ እንደ ሆነ ባንድ ሌሊት ውርጭ፣ ባንድ ክረምት ጎርፍ፣ ወይም ባንድ ሰው ሞት ለዘላለም ይጠፋል።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ፣ በውጭ አገር ያሉ አትክልት ወዳዶች በማኅበር እየተሰበሰቡ ያልተለመደውን ተክላቸውን እንዴት እንደሚያሳዩና እንደሚካፈሉ፣ ከዚህም ልማድ እኛ ምን ልንማር እንደምንችል ጥቂት ነገር ልጽፍ አሰብሁ።

በዚህ ነገር ስማቸው ከሚጠራው ሕዝቦች አንዱ የእንግሊዝ ሕዝብ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በማርች 7 ቀን 1804 በሎንዶን ከተማ ፒካዲሊ በሚባለው መንገድ፣ ሃቻርድ በተባለ መጽሐፍ ሻጭ ቤት ሰባት ሰዎች ተሰበሰቡ። ነገሩን ያሰበው ጆን ዌጅዉድ የሚባል የታወቀው የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበር። ከተሰበሰቡትም መካከል ከካፒቴን ኩክ ጋር ዓለምን የዞረው ሰር ጆሴፍ ባንክስና የንጉሡ አትክልተኛ ዊልያም ፎርሳይት ይገኙ ነበር። እነዚህ ሰዎች በዚያ ቀን ያቋቋሙት ያትክልት ማኅበር በ1809 የንጉሥ ደብዳቤ ተሰጠው፤ በ1861ም «ንጉሣዊ» ተብሎ ለመጠራት በቃ። እስከ ዛሬም ድረስ ቆሞ ይሠራል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን ከማኅበሩ ስም ይልቅ የሚደነቀው፣ መኰንኑና አትክልተኛው ባንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ቅጠል መነጋገራቸው ነው።

ከዚህ ከትልቁ ማኅበር ሌላ በእንግሊዝ አገር በየከተማውና በየመንደሩ ብዙ ትናንሽ ያትክልት ማኅበሮች አሉ። እኔም ለሥራ ተልኬ በዚያ አገር ጥቂት ዓመታት በኖርሁበት ጊዜ፣ በምኖርባት ትንሽ ከተማ ባለው ማኅበር ስብሰባ ላይ በየወሩ እገኝ ነበር። ስብሰባው የሚደረገው በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው አዳራሽ ሲሆን፣ ጊዜውም ሰው ሁሉ ከሥራው ከተመለሰ በኋላ ማታ ነው። በአዳራሹ መካከል ረጅም ገበታ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ማኅበርተኛ በዚያ ወር በጓሮው ካማረለት ተክል አንዱን በሸክላ እንደ ተተከለ፣ ወይም ቅርንጫፉን ቈርጦ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ያመጣና በገበታው ላይ ያኖረዋል። ከፊቱም ስሙ በላቲን ቋንቋ የተጻፈበትን ትንሽ ወረቀት ያቆማል። የላቲኑ ስም የሚጻፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ አንዱ ተክል በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም ስላለው፣ ሊቁ ሊኔዎስ በ1753 ባወጣው ሥርዓት መሠረት ሰው ሁሉ ባንድ ስም ይግባባ ዘንድ ነው። ባገራችንም አንዱ ቅጠል በጎንደርና በሸዋ፣ በሐረርና በጅማ ስሙ ሲለያይ እናያለንና የዚህ ጥቅሙ ለማንም ግልጥ ነው።

ሰዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ተክሉን ያመጡት በየተራ እየተነሡ ይናገራሉ። ንግግራቸውም እንደ መምህር ንግግር የተዘጋጀ አይደለም፤ ተክሉን ከማን እጅ እንዳገኙት፣ ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ፣ በበጋና በክረምት እንዴት እንደ ያዙት ብቻ ይተርካሉ። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ «ይህ ተክል ሦስት ጊዜ ሞተብኝ፤ በአራተኛው ጊዜ ግን ከሥሩ ጠጠር ብጨምርለት ዳነ» ብሎ ሲናገር፣ ሌላው ደግሞ ከኋላ ሆኖ «እኔም ከደጃፌ ድንጋይ አጠገብ ብተክለው ውርጩን ቻለው» እያለ ይጨምርበታል። ጸሐፊውም ሁሉን በመዝገብ ይጽፋል። በዚያ ገበታ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚከበረው ትልቁ ወይም ዋጋው የበዛው ተክል አይደለም፤ ሌላ ሰው ገና ያላበቀለው፣ ወይም ለማብቀል የሚያስቸግረው ነው። ትንሽ የድንጋይ ላይ ቅጠል ያመጣው ሰው ትልቅ ጽጌ ረዳ ካመጣው ሰው ይልቅ ብዙ ጥያቄ ሲቀርብለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በአዳራሹ በር አጠገብ ደግሞ ሌላ ትንሽ ገበታ አለ። በዚያ ላይ ማኅበርተኞቹ ከተረፋቸው ችግኝ፣ ዘርና ቁራጭ እያመጡ ያኖራሉ። የሚፈልግ ሰው ጥቂት ሳንቲም በሣጥን ይጨምርና ይወስዳል፤ ገንዘቡም ለአዳራሹ ኪራይና ለሻዩ ይሆናል። ባንድ ወር በትልቁ ገበታ ላይ እንደ ብርቅ የታየው ተክል፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ልጆቹ በትንሹ ገበታ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። በእነዚያ ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም አንድን ተክል ለማቆየት የሚሻለው መንገድ ለሰው መስጠት ነው የሚል ነው። የእኔ ቢሞት ከሰጠሁት ሰው መልሼ አገኘዋለሁ ማለታቸው ነው።

በአንድ የሴፕቴምበር ወር ስብሰባ፣ ባገራችን መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ጊዜ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ አንድ ሸክላ ይዘው መጡ። ከሸክላው ውስጥ እንደ ሰይፍ የቀጠኑ ቅጠሎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸውም ረጅም አገዳ ወጥቶ፣ በጫፉ ላይ አንገታቸውን ዘንበል ያደረጉ ነጫጭ አበቦች ተንጠልጥለዋል። የያንዳንዱ አበባ ጉሮሮ እንደ ወይን ጠጅ የጠቈረ ነው። ሽታውም በተለይ ማታ ማታ ይበረታልና አዳራሹን ሞላው። ወይዘሮዋ ለማኅበሩ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ወደ እኔ ቀርበው «ይህ ካገርዎ ተራሮች የመጣ ነው» አሉኝ። በዚያ አገር እስከ ዛሬ «የአቢሲኒያ ግላዲዮሉስ» ይባላል። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች በድንጋያማ ስፍራ በገዛ እጁ የሚበቅል ነው። በውርጭ ጊዜ ይሞትባቸዋልና እንደ ሽንኩርት ያለውን ሥሩን በየዓመቱ በመከር ጊዜ ቈፍረው አውጥተው፣ በደረቅ ስፍራ አሳድረው፣ በጸደይ ይተክሉታል። ወይዘሮዋ ይህን ለብዙ ዓመታት ሳይታክቱ አድርገዋል።

እኔም በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛው ኵራት ነው፤ አገሬ በሩቅ አገር ባለች በአንዲት አሮጊት እጅ ተከብራ አየኋትና። ሁለተኛው ትካዜ ነው፤ ይህን አበባ ከአዲስ አበባ ጓሮዎች ባንዱም ስንኳ ተተክሎ አይቼው አላውቅምና። በየመሥሪያ ቤታችንና በየቤታችን ደጅ የምንተክለው ብዙውን ጊዜ ከደቡብ አሜሪካና ከሩቅ ምሥራቅ የመጣውን ነው፤ ከገደላችን ሥር የሚያብበውን ግን እንግዳ ሰው ስሙን እስኪነግረን ድረስ እንጠብቃለን። ይህም ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንሰትን የስኮትላንዱ መንገደኛ ጀምስ ብሩስ አይቶ ሥዕሉን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አውጥቶት ነበር፤ በ1853ም በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፍሬውን ወደ ኪው ያትክልት ቦታ ልኮ በዚያ በቀለ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የመናፈሻ ቦታዎች ለጌጥ ይተከላል። ለኛ ምግብ የሆነው ለነርሱ ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ማኅበር የባለጸጎች መጫወቻ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። በስኮትላንድ ፔዝሊ በምትባል ከተማ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ፒንክ የሚባለውን ትንሽ አበባ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተቀለመ አድርገው በማውጣት ስማቸው የተጠራው ሸማኔዎች ናቸው። ዐይናቸው ከጥለት ጋር የኖረ ስለ ሆነ ከብዙ ችግኝ መካከል መልካሙን ለመምረጥ አልቸገራቸውም። በሰሜን እንግሊዝ አገር ደግሞ በ1836 የተቋቋመ የዌክፊልድ የቱሊፕ ማኅበር አለ፤ ከጥንት አባሎቹም ብዙዎች ጫማ ሰፊዎችና የእጅ ሥራ ሠራተኞች ነበሩ። ማኅበሩ እስከ ዘመናችን የቆየ ሲሆን፣ አበባዎቹን ለውድድር የሚያቆመው በብር ዕቃ ሳይሆን እንደ ጥንቱ በቡናማ የቢራ ጠርሙስ ነው።

በነዚያ ቱሊፖች ላይ እንደ ነበልባልና እንደ ላባ ሆኖ የሚታየው ቀለም የሚመጣው፣ ጥቃቅን ነፍሳት ከአንዱ ወደ አንዱ ከሚያሻግሩት የቫይረስ በሽታ መሆኑ በ1920ዎቹ ዓመታት ተመርምሮ ታውቋል። በሽታውም ውበቱን ቢሰጠው ኀይሉን ይወስድበታልና ተክሉ የሚራባው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ዓይነት በዓለም ሁሉ ላይ ያለው በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ነው። እነዚያ ሰዎች ባይካፈሉት ኖሮ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ቱሊፕ ዛሬ ባልተገኘ ነበር። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ባገራችን ሸማኔና ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ፋቂ ለብዙ ዘመን እንዴት ሲናቁ እንደ ኖሩ እናውቃለን። የሰው እጅ ዋጋው በዘሩ ሳይሆን በሥራው የሚመዘን መሆኑን ለመረዳት፣ የሸማኔውን አበባና የመኰንኑን አበባ ባንድ ገበታ ላይ አቁሞ እንደ መመልከት ያለ ትምህርት አላገኘሁም።

ስለ መስጠት ከተናገርን የኤድዋርድ ኦገስተስ ቦልስን ስም ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ይህ ሰው ከ1865 እስከ 1954 የኖረ ሲሆን፣ ያትክልት ቦታው በሎንዶን ሰሜን ኤንፊልድ በሚባል ስፍራ ነበር። በዚያም ቦታ አንዱን ማዕዘን ለይቶ «የእብዶች ቤት» ብሎ ሰየመው። በዚያ የሚተክላቸው ከባሕርያቸው የወጡትን ተክሎች ነበር። ከነዚህም አንዱ ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ ጠርሙስ መክፈቻ የተጠማዘዘ ሃዘል የሚባል ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በ1860ዎቹ ዓመታት በአንድ የእርሻ አጥር ውስጥ ተገኝቶ፣ ከዚያ በሰው እጅ እየተካፈለ ዛሬ በብዙ አገር ይገኛል። ገበሬው እንደ ጉድለት ቈጥሮ ቈርጦት ቢሆን ኖሮ በዚያው ባለቀ ነበር። ቦልስም እንግዳ ሲመጣበት ባዶ እጁን የማይሸኝ፣ ችግኝ አስይዞ የሚሰድ ሰው እንደ ነበረ ይነገርለታል። ዛሬ ስሙን የያዙ ብዙ አትክልቶች አሉ፤ ልጅ ባይኖረውም ስሙ አልጠፋም።

መስጠት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን የአንድ የአሜሪካ ዛፍ ታሪክ ነው። በ1765 ጆን ባርትራምና ልጁ ዊልያም በጆርጂያ አገር አልታማሃ በሚባለው ወንዝ ዳር ሲሄዱ ከዚያ በፊት ያላዩትን ዛፍ አገኙ። አበባው ነጭ፣ መካከሉ ወርቅማ ነው፤ ቅጠሉም በመከር ጊዜ እንደ እሳት ይቀላል። ዊልያም በኋላ ተመልሶ ዘሩን ሰብስቦ በፊላደልፊያ ባለው ባባቱ ያትክልት ቦታ አበቀለው፤ በአባቱ ወዳጅ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስምም ፍራንክሊኒያ ተባለ። ዛፉ በተገኘበት ስፍራ ቆሞ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1803 ነው። ከዚያ ወዲህ የፈለጉት ሁሉ በዱር አላገኙትም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ፍራንክሊኒያ ሁሉ ዊልያም ባርትራም በእጁ ይዞት ከመጣው ዘር የተወለደና አትክልተኛ ለአትክልተኛ እየሰጠ ያቆየው ነው። እንግዲህ አንድ እፍኝ ዘር አንድን ፍጥረት ከመጥፋት ያድናል ማለት ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው።

ወደ ገዛ ቤታችን ስንመለስ የምናገኘው ግን ሁለት ልማድ ነው። አንደኛው የመሸሸግ ልማድ ነው። መድኃኒት ዐዋቂ የሆነ ሰው ቅጠሉን በሌሊት ይቈርጣል፤ ስሙን ለማንም አይናገርም፤ ቢናገር የመድኃኒቱ ኀይል የሚጠፋ ይመስለዋል። ከልጆቹ አንዱን መርጦ ሊነግረው ሲያስብም ሞት ይቀድመዋል። እንዲህ ሆኖ ስንት ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር እንደ ተቀበረ የሚቈጥረው እግዚአብሔር ብቻ ነው። በዚህ አንጻር የእንዶድን ነገር እንመልከት። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያሻግሩት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ከዚያ ተነሥቶ ምርመራውን ጀመረ። ስለዚህም ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የዓለም ሽልማት ተቀበለ። ልብ በሉ፤ እንዶድ ያንድ ቤት ምስጢር ቢሆን ኖሮ ዶክተሩ በወንዝ ዳር ባላየው ነበር። የሁሉ ስለ ሆነ ለሁሉ ጠቀመ።

ሁለተኛው የመስጠት ልማድ ነው፤ ይህንም ለማስረዳት ከገዛ ቤተ ሰቤ ያየሁትን ልናገር። አያቴ በጓሮአቸው ሁለት የሚወዱአቸው ተክሎች ነበሩአቸው። አንዱ ነጭ ሆኖ ጫፉ ቀላ የሚል ጽጌ ረዳ ነው፤ ከባላቸው ጋር ከሐረር ሲመጡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ነበር። ሁለተኛው ቅቤ የሚያነጥሩበት ኮሰረት ነው። ጽጌ ረዳውን ለማንም ቈርጠው አይሰጡም ነበር፤ «ይህች የቤቴ ምልክት ናት» ይሉ ነበርና ሰው ሁሉ ያከብርላቸው ነበር። ኮሰረቱን ግን ምንም አልቈጠሩትም። ጎጆ ለምትወጣ ልጅ ሁሉ፣ ለማኅበር ለመጣች ሴት ሁሉ፣ ከሥሩ ገንጥለው በቅጠል ጠቅልለው ያስይዙ ነበር።

አያቴ ባረፉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቤቱ ተሸጠ። የገዛውም ሰው ጓሮውን ደልድሎ የመኪና ማቆሚያ አደረገው፤ በገዛ ቦታው ያደረገው ነውና የምወቅሰው አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ያችን ጽጌ ረዳ በዘመድ ቤት ሁሉ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ያስታውሳታል፣ ሁሉም ሽታዋን ያወሳል፣ ማንም ግን የላትም። ኮሰረቱን ግን መፈለግ አላስፈለገኝም። በልጅነቴ በአያቴ ቤት ታገለግል የነበረች፣ ኋላም አግብታ የገዛ ቤትዋን ያቆመች አንዲት ሴት ዘንድ ለጥየቃ ብሄድ፣ በደጃፍዋ እንደ አጥር ሆኖ በቅሎ አገኘሁት። «ከእመቤቴ እጅ የተቀበልሁት ነው፤ ውሰድ ልጄ፤ የራስህ ነው» ብላ ገንጥላ ሰጠችኝ። እነሆ የተከበረችው ጽጌ ረዳ ጠፋች፤ ያልተቈጠረው ኮሰረት ግን በሰባትና በስምንት ቤት ይኖራል። የለያቸው ውበት ወይም ብርታት አይደለም፤ አንዱ ተሰጠ፣ አንዱ አልተሰጠም፤ ይኸው ብቻ ነው።

ይህ የመስጠት ልማድ ባገራችን ሥር ያለው ነው። በጉራጌና በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሌላውም የደቡብ አገር ያንድ ገበሬ ጓሮ ብዙ ዓይነት እንሰት ይዞ ይገኛል፤ እያንዳንዱም ስም አለው። አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለቡላ፣ አንዱ ለቃጫ፣ አንዱ አጥንት ለተሰበረ ሰው ይሆናል ይባላል። ይህም ሁሉ የተጠበቀው ጎረቤት ከጎረቤት፣ አማች ካማች ችግኝ ሲካፈል ነው። በየገዳማቱና በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢም ጽድና ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ከሌላው ስፍራ ሲመነጠሩ ተጠብቀው ቆይተዋል። በ1976 በፈረንጅ አቆጣጠር ባገራችን የዘር ማከማቻ ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ዶክተር መላኩ ወረደ ይመሩት ጀመር። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ገበሬው የሚበላው አጥቶ ዘሩን እስከ መብላት በደረሰ ጊዜ፣ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የየአገሩን ዘር እየሰበሰቡ አኖሩ፤ በኋላም ለገበሬው እንዲመለስና በገበሬው እጅ እንዲጠበቅ ደከሙ። ስለዚህ ሥራቸው እርሳቸውም በ1989 በፈረንጅ አቆጣጠር ያንኑ ሽልማት ተቀብለዋል። ገበሬው ለሰብሳቢው የሰጠው ዘር በክፉ ቀን ለገበሬው ተመለሰ ማለት ነው።

ነገር ግን መስጠት መልካም ነው ሲባል ያለ ጥንቃቄ መስጠት መልካም ነው ማለት አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ የተነሣውን እንቦጭ የማያውቅ የለም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ሐምራዊና ያማረ ስለ ሆነ አበባ ወዳዶች ለኩሬ ጌጥ ብለው ካገር ወደ አገር ወሰዱት። በጣናም በ2011 በፈረንጅ አቆጣጠር ከታየ ወዲህ ውሃውን እየሸፈነ ዓሣ አጥማጁንና የዳር ገበሬውን አስጨንቋል። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውም በሽታ በታመመ ችግኝና ባልጸዳ ቢላዋ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይሻገራል። ስለዚህ የሚሰጥ ሰው የሚሰጠውን ማወቅ አለበት። ከዚህም ሌላ ያገራችንን የዕፀዋት ሀብት ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣትን በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ይከለክላል። ይህም ለጎረቤት መስጠትን የሚከለክል ሳይሆን፣ የሁሉ የሆነው ሀብት ያለ ሁሉ ዕውቅና እንዳይወጣ የሚጠብቅ ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም እለዋለሁ። ማኅበርና ሰንበቴ፣ ዕቁብና ዕድር ከአባቶቻችን የተቀበልናቸው ናቸው፤ በየወሩ ለመገናኘት ከእንግሊዞች ልንማር አንፈልግም። የጎደለን በዚያ ገበታ ላይ አንድ ሸክላ ማኖር ብቻ ነው። ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ሆነው በወር አንድ ቀን የሚገናኙ ሰዎች፣ በየተራ አንድ አንድ ሰው ሌላው የሌለውን ተክል ይዞ ይምጣ፤ ስለ እርሱም የሚያውቀውን ይናገር።

ሥርዓቱም ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የተክሉ ስም በየአገሩ እንደሚጠራበት፣ ከማን እጅ እንደ ተገኘና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተተከለ በመዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ማናቸውም ብርቅ ተክል ከሦስት ባላነሱ ቤቶች ይተከል፤ ካንዱ ቢጠፋ ከሁለቱ ይገኛልና። ሦስተኛ፣ የታመመ ችግኝ አይሰጥ፤ መቍረጫውም ከጓሮ ወደ ጓሮ ከመሄዱ በፊት በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ይጽዳ። አራተኛ፣ ከዱር ሥሩን ነቅሎ ማምጣት ይቅርና ዘሩን ወይም ቁራጩን ብቻ መውሰድ ይለመድ፤ ዱሩን አራቁቶ ጓሮን ማስጌጥ በጎ ሥራ አይደለም። አምስተኛ፣ ልጆች በስብሰባው ይገኙ፤ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸውና። ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው በኮንዶሚኒየም ስለሚኖር ጓሮ የለኝም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ኮሰረትና ጤና አዳም፣ ጦስኝና በሶብላ ባንድ ሸክላ በመስኮት ሥር ይበቅላሉ።

ትልቅ ግቢና ብዙ አትክልተኛ ያላችሁ መኳንንትና ወይዛዝር፣ በመሥሪያ ቤትም ሹም የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ነገር መንገዱን ማሳየት ለእናንተ ይቀላል። በግቢያችሁ ያለውን ብርቅ ተክል ከአጥር ውጭ ያለው ሰው ቢያገኘው ክብራችሁ አይቀንስም፤ ይልቁንም በየቤቱ ደጃፍ ስማችሁን የሚያነሣ አንድ ቅጠል ይቆምላችኋል። የሚተክሉ ሁሉ አስቀድመው ሊያስቡት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ከዕለታት አንድ ቀን ግቢው ለሌላ ሰው የሚሆን መሆኑን ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ፣ መሬቱም ርሶ ቁራጭ ሁሉ በሚይዝበት ወራት፣ እያንዳንዳችን በጓሮአችን ዞር ብለን በሌላ ሰው ቤት የማይገኝ ምን እንዳለን እንመልከት፤ ከዚያም ሳይመሽ ለሦስት ሰው እንስጠው።